«ያለ ነው» ተብላ ለተመለሰች አራስ

ጥያቄው የመጣው ከደሴ ወጣ ብሎ ካለ ወረዳ ነው። ረዘም ስለሚል አሳጥሬዋለሁ። የወረዳውንና የጤና ጣቢያውን ስም ትቼዋለሁ።

«ሲስተር፣ ከወለድኩ 18 ቀኔ ነው። የመጀመሪያ ልጄ ነው። ጤና ጣቢያ ነው የወለድኩት። ልጁ በደህና ወጣ። እንግዴ ልጁ ግን ዘገየ። አዋላጇ እትብቱን ስትጎትተው ነፍሴ ልትወጣ ነበር። ስጮህ ‹ዝም በይ፣ ባንቺ ነው የተጀመረው?› ብላ ተቆጣችኝ። ብዙ ደም ፈሰሰኝ። አልጋው ይፈለጋል ተብሎ 4 ሰዓት ሳይሞላኝ ወደ ቤት ሸኙኝ። ከዚያ ወዲህ ያየኝ የለም። በ6ኛው ቀን አንቀጠቀጠኝ፣ የሚፈሰኝም መሽተት ጀመረ። ተመልሼ ብሄድ ‹አራስ አይደለሽ፣ ያለ ነው› ብለው ፓራሲታሞል ሰጡኝ። አማቴ ብርድ መቶሽ ነው ትላለች። አሁን ስቆም ያዞረኛል፣ ልቤ ይመታል፣ ማታ ማታ እተኩሳለሁ። ልጄን ሳየው እንደ ሰው ደስ አይለኝም፣ ዝም ብዬ አለቅሳለሁ። ይኼ የጤና ነው? ቅሬታ እንዳላቀርብ ነገ ልጄን ይዤ የምሄደው እዚያው ነው፣ ይጠምዱኛል ብዬ ፈራሁ። ደግሜስ መውለድ እችላለሁ?»

እህቴ፣ እንኳን ማርያም ማረችሽ። ጥያቄሽን በቅደም ተከተሉ አልመልስም። የሚያስቸኩለው ይቅደም።

ዛሬውኑ ሕክምና ሂጂ። ለነገ አታሳድሪው። የምትተኩስ፣ የሚያንቀጠቅጣት፣ ፈሳሿ የሚሸት፣ ስትቆም የሚያዞራት አራስ «ያለ ነው» አትባልም። ይኼ የማህፀን ኢንፌክሽን ምልክት ነው። ከእንግዴ ልጁ የተቆረጠ ነገር ውስጥ ቀርቶም ሊሆን ይችላል። ሳላይሽ ይኼ ነው ብዬ አልፈርድም። ነገር ግን እንዲህ ዓይነት ታሪክ ይዛ የመጣችን እናት ማንም አዋላጅ ሳይመረምራት ወደ ቤት መመለስ የለበትም። ሕክምናው የታወቀ ነው፤ በጊዜ ከተደረሰበት ይድናል። አብሽሪ።

ከዚህ በታች ከምጠቅሳቸው አንዱ ከጀመረሽ ግን ቀሪውን ማንበብ ተይና ተነሺ። አንድ ሞዴስ ወይም ወፍራም ጨርቅ በአንድ ሰዓት ውስጥ የሚያርስ ደም፣ ከእንቁላል የሚተልቅ የረጋ ደም፣ የትንፋሽ ማጠር ወይም የደረት ሕመም፣ ዓይን የሚያጨልም ከባድ ራስ ምታት፣ እንደሚጥል በሽታ መንፈራገጥ፣ አንድ እግር ብቻ ማበጥና መሞቅ፣ ራስን መሳት፣ ራስሽን ወይም ልጅሽን የመጉዳት ሐሳብ። እነዚህ ሌሊትም ቢሆን በር የሚያስንኳኩ ናቸው። የደም ግፊት ደግሞ ከወሊድ በኋላም ሊነሳ እንደሚችል ብዙ ሰው አያውቅም። በእርግዝናሽ ጊዜ ደህና የነበረ ግፊት ከወለድሽ በ3ኛው ወይም በ5ኛው ቀን ሊያሻቅብ ይችላል።

የት ልሂድ ትዪኝ ይሆናል። የተቆጡሽ ቦታ የመመለስ ግዴታ የለብሽም። ወረዳሽ ውስጥ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ካለ እዚያ ሂጂ። ከሌለ ደሴ ግቢ። «ሪፈር የለሽም» ቢሉሽ «ድንገተኛ ነው፣ አራስ ነኝ፣ እተኩሳለሁ» በይ። የጤና መድኅን መታወቂያሽንና የእርግዝና ክትትል ካርድሽን ያዢ። መኪና ከጠፋ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን ጥሪያት፤ የወረዳው አምቡላንስ ለእናቶች በነጻ ነው። እሱም ከዘገየ ባጃጅም ይሁን ሌላ፣ በተገኘው ሂጂ። ልጅሽን ይዘሽው ሂጂ፣ እሱም ይታያል። አንድ ሰው አስከትዪ፤ ባልሽ ይሁን እህትሽ፣ ብቻ መናገር የማይፈራ ይሁን። የታመመ ሰው ራሱ ሊከራከር አይችልም።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ተረኛው ባለሙያ በቀን ብዙ ሰው ያያል። «አሞኛል፣ ደካክሞኛል» ብቻ ካልሽው እንደገና ፓራሲታሞል ይዘሽ ልትመለሺ ትችያለሽ። እንዲህ በይው፦ «ከወለድኩ 18 ቀኔ ነው። እንግዴ ልጁ ዘግይቶ፣ ተጎትቶ ነው የወጣው። ብዙ ደም ፈሶኛል። ከ6ኛው ቀን ጀምሮ ያንቀጠቅጠኛል፣ ማታ እተኩሳለሁ፣ የሚፈሰኝ ይሸታል፣ ስቆም ያዞረኛል። አንዴ መጥቼ ሳልመረመር ተመልሻለሁ።» ቃል በቃል ወረቀት ላይ ጽፈሽ ብትሄጂ የተሻለ ነው። ማንበብ ቢያቅትሽ አብሮሽ የሄደው ያንብብልሽ። ቀንና ቁጥር ያለው ነገር ካርድ ላይ ይሰፍራል። ካርድ ላይ ያልሰፈረ ሕመም ደግሞ ቀጥሎ ለሚያይሽ ሐኪም እንዳልነበረ ነው። ለሕክምናውም፣ ለቅሬታውም፣ ለሚቀጥለው ልጅሽም የሚያዋጣሽ ይኼው ነው፦ የደረሰብሽ ነገር ይጻፍ።

ከመሄድሽ በፊት ፓራሲታሞል ከዋጥሽ ንገሪያቸው። ትኩሳቱን ያበርደዋል፣ ኢንፌክሽኑን ግን አይነካውም። ቴርሞሜትሩ 37 ብሎ «ደህና ነሽ» ሊያሰኝሽ ይችላል። ከመድኃኒት ቤት አሞክሳሲሊን ገዝተሽም አትጀምሪ። ለዚህ ሕመም ብቻውን አይበቃም፤ አጉል ማስታገሻ ሆኖ ቀን ያስበላሻል።

ምርመራው ምን መምሰል እንዳለበት ልንገርሽ፣ የጎደለውን ለመጠየቅ እንዲመችሽ። ሙቀትሽ፣ የደም ግፊትሽ፣ የልብ ምትሽ ይለካል። ሙቀቱ 38 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ወይም ሆድሽ ከእምብርት በታች ሲጫኑት ካመመሽ ነገሩ ግልጽ ነው። በ18ኛው ቀን ማህፀን በሆድ በኩል ጨርሶ ባይዳሰስ ይሻላል፤ ወደ ቦታው ለመመለስ 2 ሳምንት ገደማ ይበቃዋል። አሁንም በእጅ ከተገኘ ውስጡ አንድ ነገር ይዟል ማለት ሊሆን ይችላል። በታች በኩል መታየት አለብሽ፤ ፈሳሹም ስፌት ካለም ስፌቱ። አልትራሳውንድ ካለ ማህፀንሽ ውስጥ የቀረ ነገር መኖሩን ያያሉ። የደም መጠንሽ ይለካ፤ ሄሞግሎቢን ይሉታል። «ስንት ሆነ?» ብለሽ ቁጥሩን ጠይቂ። ከ7 በታች ከሆነ ከባድ የደም ማነስ ነው፤ ደም ሊያስፈልግሽ ይችላል።

ኢንፌክሽን ከሆነ በደም ሥር የሚሰጥ ጸረ ተዋሕስያን፣ አንዳንዴ ሁለትና ሦስት ዓይነት አንድ ላይ፣ ይጀመርልሻል። ትኩሳቱ ከጠፋ በኋላም ቢያንስ አንድ ቀን መቀጠል አለበት። ስለዚህ ተኝተሽ ትታከሚያለሽ፤ «መርፌ ተወግተሽ ሂጂ» አይሆንም። የቀረ ነገር ካለ በእጅ በሚሠራ መምጠጫ ይወጣል። ከመጀመሩ በፊት «የሕመም ማስታገሻ ስጡኝ» ብለሽ ጠይቂ። ይኼ መብትሽ ነው። ባለፈው ያመመሽ ይበቃል። ጡት ማጥባቱን አታቋርጪ፤ ለዚህ ሕመም የሚሰጡት የተለመዱ መድኃኒቶች ከማጥባት ጋር ይሄዳሉ። ብቻ እንደምታጠቢ ንገሪያቸው።

የደም ማነሱን በተመለከተ የአይረን እንክብል ይሰጥሻል፤ ለ3 ወር ያህል መዋጥ ይኖርብሻል። ሰገራሽ ቢጠቁር አትደንግጪ፣ የመድኃኒቱ ነው። እዚህ ላይ የወሎ ቤት አንድ ነገር አለው። አራስ ሊጠይቅ ሰው በመጣ ቁጥር ቡና ይፈላል፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ይደርሳል። ቡናና ሻይ አይረን ወደ ደም እንዳይገባ ይይዙታል። ቡናውን ተዪ አልልሽም፣ የአራስ ቤት ያለ ቡና አይሆንም። እንክብሉን ግን ከቡናው ቢያንስ አንድ ሰዓት አርቀሽ ዋጪ። ማታ ልትተኚ ስትይ በውሃ ወይም በሎሚ ጭማቂ ብትውጪው ከሁሉ ይቀላል። ወተትም እንዲሁ ያግደዋል።

አማትሽ ብርድ ነው ማለታቸው ክፋት የለውም። ያዩትንና የሚያውቁትን ነው የተናገሩት። ገንፎውን፣ ቅቤውን፣ አጥሚቱን፣ አብሹን አትከልክያቸው፤ ሰውነትሽ ምግብ ይፈልጋል። ነገር ግን ከምግቡ ጎን ሕክምናው ይሁን እንጂ በእሱ አይተካ። ጢስ መሞቅን ለጊዜው አቆዪው። ቁስል ላለበት ሰውነት አይጠቅምም፣ ለሕፃኑም ሳንባ ጥሩ አይደለም። «አራስ ከቤት አትወጣም» የሚለውንም ሰምቼዋለሁ። ክርስቲያኗ 40 ወይም 80 ቀን፣ ሙስሊሟ 40 ቀን ትጠብቃለች። ይኼ ለእረፍት ጥሩ ሥርዓት ነው። ቄሱም ሼሁም ግን የታመመች አራስ ሐኪም ቤት እንዳትሄድ አይሉም። ቤት ውስጥ ክርክር ከተነሳ እነሱን አስጠይቂ፤ አንድ ቃላቸው የእኔን አሥር ይበልጣል።

እንግዲህ «ይኼ የጤና ነው?» ላልሽው። አይደለም። ጥፋቱም ያንቺ አይደለም። ምን መደረግ እንደነበረበት ልዘርዝርልሽ፣ ብዙ እናቶች ስለማያውቁ የተጓደለባቸውን እንደ ዕጣ ፈንታ ይቀበሉታል።

ልጁ እንደወጣ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ማህፀንን የሚያኮማትር መርፌ፣ ኦክሲቶሲን፣ ይሰጣል። እንግዴ ልጁ ብዙውን ጊዜ በ30 ደቂቃ ውስጥ ይወጣል። አዋላጇ እትብቱን ቀስ ብላ የምትስበው ማህፀን ሲኮማተር ብቻ ነው፤ በሌላኛው እጇ ማህፀንን ከሆድ በኩል ደግፋ። ያለዚያ መጎተት እትብቱን ሊበጥስ፣ ማህፀኑንም ሊገለብጥ ይችላል። ከወጣ በኋላ ጠፍጣፋ ቦታ ላይ ዘርግታ፣ በሁለቱም በኩል አገላብጣ፣ የጎደለ ቁራጭ አለመኖሩን ታያለች። ይኼ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። የሁለት ደቂቃዋ ሥራ ስትዘለል ነው አንዲት እናት በ18ኛ ቀኗ እያዞራት የምትጽፈው። እዚህ ላይ እናደዳለሁ፤ አልደብቅሽም።

ከዚያ በመጀመሪያዎቹ 2 ሰዓታት በየ15 ደቂቃው ደምሽ፣ ማህፀንሽ፣ የልብ ምትሽና ግፊትሽ መታየት ነበረበት። 24 ሰዓት ተቋሙ ውስጥ መቆየት ነበረብሽ። ስትወጪም የአደጋ ምልክቶቹ ተነግረውሽ፣ በ3ኛው ቀን፣ ከ7ኛው እስከ 14ኛው ቀን ባለው ጊዜና በ6ኛው ሳምንት የምትታዪበት ቀጠሮ ይዘሽ ነው። 4 ሰዓት ሳይሞላሽ መውጣትሽ ጥሰት ነው። ብዙ ደም የፈሰሳት እናት መሆንሽ ሲጨመርበት ደግሞ የባሰ ነው።

አንቺ ብቻ አይደለሽም። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት በአገራችን ከ100,000 በሕይወት ከሚወለዱ ሕፃናት አንጻር 412 እናቶች ይሞቱ ነበር። በወለዱ በ2 ቀን ውስጥ የታዩት እናቶች 17 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2011ዱ አጭር ጥናት ይኼ ወደ 34 በመቶ አድጓል። በዚያው ዓመት በጤና ተቋም የወለዱት ግን 48 በመቶ ናቸው። እናቶችን «ጤና ተቋም ውለዱ» ብለን አመጣናቸው። ከወለዱ በኋላ ያለውን ግን እኩል አልያዝነውም። ቤት ውስጥ እኮ አራስ ብቻዋን አትተውም፤ ሌሊቱን ሙሉ አጠገቧ ሰው ይተኛል። ያ ጥበቃ ጤና ተቋሙ በር ላይ መቆም አልነበረበትም።

የባለሙያዎቹን ኑሮም አውቀዋለሁ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ጊዜ የወሎ ሆስፒታሎችና ጤና ጣቢያዎች ተዘርፈዋል፤ አልጋም መድኃኒትም ማሽንም ሄዷል። አንዲት አዋላጅ ሌሊቱን ሙሉ ብቻዋን ሦስት ምጥ ስትይዝ አይቻለሁ። ገንፎ አገንፍተው፣ ቡና አፍልተው እናቶችን የሚቀበሉ ጤና ጣቢያዎችም አሉ። ይኼን የምልሽ ነገሩን እንድትረሺው አይደለም። ጫና አልጋ ያሳጣል፤ ሰው ያሳጣል። በምጥ ላይ ያለችን ሴት መቆጣት ግን ከጫና ጋር ምን አገናኘው? ጤና ሚኒስቴር ራሱ ባለሙያው ሩኅሩኅ፣ ሰው አክባሪና ተንከባካቢ እንዲሆን ብሎ ዓመታት ሲያሠለጥን ኖሯል። ወላድ በድባብ ትሂድ ባለ ሕዝብ መካከል ወላድ መቆጣት አልነበረባትም።

አሁን ስለ ልብሽ። «ልጄን ሳየው እንደ ሰው ደስ አይለኝም» ያልሽውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ይኼን መጻፍሽ ትልቅ ነገር ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ማልቀስ፣ መቆጣት፣ ሆድ መባስ ብዙ እናት ላይ ይመጣል፤ በ2 ሳምንት ውስጥ ይለቃል። ከ2 ሳምንት ካለፈ፣ እንቅልፍ ልጁ ተኝቶም እምቢ ካለ፣ ምግብ ካስጠላ፣ «ለምን ተፈጠርኩ» የሚያሰኝ ከሆነ ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ድባቴ ሊሆን ይችላል። ሕመም ነው፤ መጥፎ እናት አያሰኝሽም። ባንቺ ላይ ደግሞ ሌላም ተደርቧል። የደም ማነስና ኢንፌክሽን ብቻቸውን ሰውን ያደክማሉ፣ ያስለቅሳሉ። የወሊዱ ቀን ድንጋጤም አለ። ያ ክፍል፣ ያ ድምፅ ሳታስቢው እየመጣ ልብሽን የሚያስደነግጠው ከሆነ ለሐኪሙ ንገሪው። ለልጅሽ ያለሽ ፍቅር ሰውነትሽ ሲያገግም ቀስ እያለ ሊመጣ ይችላል፤ ዛሬ ስላልተሰማሽ የለም ማለት አይደለም።

ለባልሽና ለአማትሽ፣ ይኼን ካነበባችሁ፦ «ልጅ አግኝተሽ ታለቅሻለሽ?» አትበሏት። ሌሊት አንዱን ተራ ልጁን ያዙላትና 4 ሰዓት ሳትቀሰቀስ ትተኛ። ብቻዋን አትተዋት። እንግዳ ድምፅ እሰማለሁ ካለች፣ ሳትተኛ ካደረች፣ ንግግሯ ከተዘበራረቀ፣ ወይም ራሷን ስለመጉዳት ከተናገረች ያኔውኑ ሆስፒታል ውሰዷት። ጸበሉም ዱዓውም ይቀጥል፤ ሆስፒታሉ ግን ይቅደም።

ቅሬታው። «ይጠምዱኛል» ማለትሽን አልነቅፍም፤ በትንሽ ከተማ ሁሉ ሰው ይተዋወቃል። ነገር ግን ሁለት ነገር ልበልሽ። አንደኛ፣ መጀመሪያ ታከሚ። ቅሬታ ትኩሳትሽ እስኪወርድ ይቆይሻል። ሁለተኛ፣ ልጅሽን ለማስከተብ እዚያው ጤና ጣቢያ የመሄድ ግዴታ የለብሽም፤ የክትባት ካርዱን ይዘሽ ሌላ ጤና ጣቢያ ትችያለሽ።

አልጋ ላይ እያለሽ ግን አንድ ሥራ ጀምሪ። ነገሩ ሳይደበዝዝብሽ በደብተር ጻፊው፤ ወይም ለእህትሽ እየነገርሽ አስጽፊያት። «በዚህ ቀን ከሌሊቱ በዚህ ሰዓት ገባሁ። በዚህ ሰዓት ወለድኩ። እንግዴ ልጁ ከስንት ደቂቃ በኋላ ወጣ። ማን ነበረች? ምን አለችኝ? ስንት ጨርቅ ደም ሞላ? ስንት ሰዓት አስወጡኝ? ማን ነበር ከእኔ ጋር ያየው? በ6ኛው ቀን ማን አየኝ? ሙቀቴን ለካ ወይስ አልለካም?» ስድብም ቅጽልም አትጨምሪበት። «ግፊቴ አልተለካም» የሚለው አንድ መስመር «አረመኔዎች ናቸው» ከሚለው ገጽ ይበልጣል። አሁን የሚያክምሽ ሆስፒታል ስትወጪ የሕክምና ማጠቃለያ በጽሑፍ እንዲሰጥሽ ጠይቂ። ማህፀንሽ ውስጥ የቀረ ነገር ከተገኘ በማጠቃለያው ላይ ይጻፍልሽ። ለነገሩ ሁሉ መሠረቱ እሱ ወረቀት ነው።

ከዚያ ደብዳቤውን በሁለት ቅጂ አዘጋጂ። አንዱን ለጤና ጣቢያው ኃላፊ ስጪ፣ በሁለተኛው ላይ «ደርሶናል» የሚል ፊርማና ቀን አስደርጊ። ራስሽ መቅረብ ከከበደሽ ባልሽ ወይም አባትሽ ይዘውት ይሂዱ። መልስ ከሌለ ወደ ወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት፣ ቀጥሎ ደሴ ወዳለው የደቡብ ወሎ ዞን ጤና መምሪያ። ጤና ሚኒስቴር በ952 ነጻ የስልክ መስመር ቅሬታ ይቀበላል። የባለሙያውን ሥነ ምግባር የሚመለከት ከሆነ የጤና ባለሙያዎች ሥነ ምግባር ኮሚቴ ይመለከተዋል፤ እስከ ሥራ ፈቃድ እገዳ ሊደርስ ይችላል።

ካሳ ስለመጠየቅ ብዙ ሰው ስለማያውቅ ልጨምር። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2031 ባለሙያ የሙያውን ሥርዓት ሳይከተል ላደረሰው ጉዳት ተጠያቂ ነው ይላል። ክሱ ግን በአንቀጽ 2143 መሠረት ጉዳቱ ከደረሰ በ2 ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት። ስለዚህ ጊዜ አለሽ፤ ማለቂያ የሌለው ጊዜ ግን የለሽም። ደሴ ያለው የወሎ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ትምህርት ቤት ስላለው ነጻ የሕግ ምክር ሊያገናኙሽ ይችሉ እንደሆነ ጠይቂ።

ከቅሬታው ምን ትጠብቂ? ብዙ ጊዜ የሚመጣው ቅጣት አይደለም። ኃላፊው ተረኞቹን ሰብስቦ ያነጋግራል፣ እናት ከ24 ሰዓት በፊት እንዳትወጣ ያሳስባል፣ አልጋ ይጨመር ብሎ ወደ ላይ ይጽፋል። ላንቺ ትንሽ ሊመስልሽ ይችላል። ካንቺ ቀጥላ ያን አልጋ ለምትይዘው ሴት ግን ብዙ ነው። በእኔ ልምድ ቅሬታ በጽሑፍ የቀረበበት ክፍል ዝም ከተባለበት ክፍል የተሻለ ይሠራል። ቅሬታ ላለማቅረብ ከወሰንሽም ደግሞ ማንም ሊወቅስሽ አይገባም፤ ጤናሽ ይቅደም።

«ደግሜ መውለድ እችላለሁ?» አዎ። አብዛኞቹ እንዳንቺ የሆኑ እናቶች ደግመው በደህና ይወልዳሉ። ኢንፌክሽኑ ሳይታከም ከቆየ ግን የማህፀን ቱቦዎቹን ሊጎዳ ስለሚችል ነው ዛሬውኑ ሂጂ የምልሽ። በሚቀጥለው እርግዝና ዳግመኛ ብዙ ደም የመፍሰስ ዕድልሽ ከሌላው ሰው ከፍ ይላል። እንግዴ ልጁም ሊዘገይ ይችላል። ስለዚህ ከመጀመሪያው ክትትል ቀን ጀምሮ «ባለፈው ደም ፈሶኛል፣ እንግዴ ልጅም ዘግይቷል» በይና ካርዱ ላይ አስጽፊ። ደም መስጠት በሚቻልበት ሆስፒታል ውለጂ። ቤትሽ ሩቅ ከሆነ የእናቶች ማቆያ ቀድመሽ ግቢ። ከቤተሰብ ደም የሚለግስ ሰው አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። እስከዚያው ቢያንስ 2 ዓመት ሰውነትሽ ይረፍ፤ ከማጥባት ጋር የሚሄድ የወሊድ መቆጣጠሪያ አለ።

የደም ዓይነትሽንም ካርድሽ ላይ እዪ። ኔጌቲቭ ከሆነና የልጅሽ ፖዘቲቭ ከሆነ ሾተላይ የሚባለውን የሚከላከል መርፌ በ72 ሰዓት ውስጥ መወጋት ነበረብሽ። ካልተወጋሽ ዛሬ ለሚያዩሽ ሐኪም አንሺላቸው፤ ጊዜው ቢያልፍም ጭራሽ ተስፋ የለውም ተብሎ አይተውም።

ያልጠየቅሽኝን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ሽንትሽ ሳታስቢው ይፈሳል? አይፈስም ከሆነ አልፈሽ ሂጂ። የሚፈስ ከሆነ አትፈሪ፣ አትደብቂው። ገና በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቱቦ ተደርጎ ፊኛው ካረፈ፣ በፊኛውና በብልት መካከል የተፈጠረ ትንሽ ቀዳዳ (ፊስቱላ ይሉታል) ያለ ቀዶ ሕክምና ሊዘጋ ይችላል። ካልሆነም የሐምሊን ፊስቱላ ሆስፒታል አዲስ አበባም ባሕር ዳርም በነጻ ያክማል።

የልጅሽ 6ኛ ሳምንት ሲደርስ የመጀመሪያውን ዙር ክትባት ለመውሰድ ትሄጃለሽ። ያን ቀን አብዛኛው እናት ልጇን ታስከትብና ትመለሳለች፤ የራሷም ቀጠሮ ያው ቀን መሆኑን ማንም አይነግራትም። አንቺ ክትባቱ እንዳለቀ ወደ አዋላጇ ክፍል ግቢ። ግፊትሽን፣ የደም መጠንሽንና ማህፀንሽን አሳዪ፣ ስለ ስሜትሽም ንገሪያት፣ ያገኘችውንም ካርድሽ ላይ እንድትጽፍልሽ ጠይቂያት።